የትንሽ ንግድ ቤት የዕለት ውሳኔዎችን እንዴት እንገምግም? ዝርዝር መመሪያ

4 ኪሎ ወይም ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ካፌ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ቁርስ ቤት ወይም ሱቅ ያለው ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ሲወስን ነው የሚውለው። ወተት ስንት ሊትር ይምጣ? ለዚህ ሰውዬ በዱቤ ልስጠው? መብራት ሄዷል፣ ጀነሬተር ላስነሳ ወይስ ትንሽ ልጠብቅ? ዋጋ ልጨምር ወይስ ጎረቤት እስኪጨምር ልቆይ? እያንዳንዷ ጥያቄ ትንሽ ናት። ግን ነገም ተመልሳ ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው። በቀን 100 ብር የምታሳጣ አንዲት የተበላሸች ልማድ በዓመት ከ30,000 ብር በላይ ይዛ ትሄዳለች፣ ያውም ማንም ልብ ሳይላት።

ልብ የማንላት ውሳኔው ስለማይጻፍ ነው። ሽያጭና ወጪ አብዛኛው ሰው ቢያንስ በደብተር ይይዛል። ለምን ያን ያህል እንደተገዛ፣ ሲታዘዝ ምን ታስቦ እንደነበር ግን በአፍ ተወስኖ በአፍ ይቀራል። ከዚያ ነገሩ ጥሩ ከወጣ "ብዬ ነበር" ይባላል፣ ካልወጣ ደግሞ ገበያው ይወቀሳል። በሁለቱም መንገድ የተማርነው ነገር የለም።

ከሁሉ በፊት፦ ውሳኔውንና ውጤቱን ለዩ

አንድ የማታውቁት ሰው መጥቶ የ8,000 ብር ዕቃ በዱቤ ወሰደ እንበል። አድራሻውን አልጠየቃችሁም፣ የሚያውቀው ሰውም የለም። በሳምንቱ መጥቶ ከፈለ። ገንዘቡ ገብቷል፣ ውሳኔው ግን መጥፎ ነበር። አሁን ተቃራኒውን እዩ። ለቅዳሜ ዝግጅት የሳምቡሳ ትእዛዝ መጣ፣ ቀብድ ተቀበላችሁ፣ ዓርብ ማታ ደውላችሁ አረጋገጣችሁ፣ ሌሊቱን ተዘጋጅቶ አደረ፣ ጠዋት ላይ ቤተሰቡ ለቅሶ ደርሶበት ዝግጅቱ ቀረ። ኪሳራ አለ። ውሳኔው ግን ምንም አልጎደለውም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ዓይነት ትእዛዝ ቢመጣ እንደዚያው ነው ማድረግ ያለባችሁ።

ይህን ለመለየት ሰው በተፈጥሮው ይቸገራል። ባሮን እና ኸርሺ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ለሰዎች አንድ ዓይነት ውሳኔ ከነምክንያቱ አቀረቡ፣ የለወጡት መጨረሻውን ብቻ ነው። መጨረሻው ጥሩ ሲሆን ሰዎቹ ወሳኙ በደንብ አስቧል አሉ፣ መጥፎ ሲሆን ደግሞ አላሰበበትም አሉ። ውሳኔው ግን ያው ነበር። ሱቅ ውስጥ በየቀኑ ራሳችንንም ሠራተኞቻችንንም የምንፈርደው በዚሁ መንገድ ነው። መድኃኒቱ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት መጻፍ ነው።

አንደኛ፦ የውሳኔ ደብተር ያዙ

ከሒሳብ ደብተሩ ጋር አታደባልቁት። አንድ ወፍራም ደብተር ይበቃል፣ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ መልእክት እየላካችሁ ብትይዙትም ይሠራል። የሚጻፈው ይህን ይመስላል፦

"ማክሰኞ ማታ። ለነገ ወተት 18 ሊትር አዘዝኩ፣ የወትሮው 28 ነው። ምክንያት፦ ነገ ረቡዕ ነው፣ ጾም። ግን ተማሪው ፈተና ላይ ስለሆነ ከወትሮው ረቡዕ ትንሽ ጨመርኩ። የምጠብቀው፦ እስክንዘጋ ይበቃል፣ ቢበዛ 2 ሊትር ይተርፋል። የማየው፦ ረቡዕ ማታ።"

ይኸው ነው። ከዚህ ውስጥ ዋናው "የምጠብቀው" የሚለው መስመር ነው፣ እሱም በቁጥር መጻፍ አለበት። "ጥሩ ይሸጣል ብዬ አስባለሁ" ብሎ የጻፈ ሰው ምንም ቢመጣ ትክክል ነበርኩ ማለቱ አይቀርም። "ቢበዛ 2 ሊትር ይተርፋል" ብሎ 9 ሊትር የተረፈው ሰው ግን ማምለጫ የለውም።

ሁሉን ውሳኔ አትጻፉ፣ ሦስት ቀን ጽፋችሁ ትሰለቻላችሁ። ከወትሮው የተለየ ነገር ስታደርጉ፣ ጠርቀም ያለ ገንዘብ ሲወጣ፣ ወይም ከሠራተኛ ጋር የተከራከራችሁበት ነገር ሲኖር ጻፉ። በቀን ሁለት ሦስት ቢሆን በቂ ነው። ወሳኙ ሌላ ሰው ከሆነ ስሙን አስገቡ።

ሁለተኛ፦ የትኛው ውሳኔ ጊዜ ይገባዋል?

ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ይህ ውሳኔ በስንት ጊዜ ይመጣል? ብሳሳት መመለስ እችላለሁ?

የዳቦ ብዛት በየቀኑ ይመጣል፣ ዛሬ ብትሳሳቱ ነገ ታስተካክላላችሁ። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ደንብ አውጥቶ እየሞከሩ ማሻሻል ነው እንጂ በየማለዳው መጨነቅ አይደለም። የኪራይ ውል፣ ሸሪክ ማስገባት፣ በብድር ማሽን መግዛት ግን አልፎ አልፎ የሚመጡ ናቸው፣ አንዴ ከተፈረመ ደግሞ መመለሻው ከባድ ነው። እነዚህ ላይ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደርባቸው። ከመፈረማችሁ በፊት አንድ የምታምኑት ሰው ጠርታችሁ "ከስድስት ወር በኋላ ይህ ነገር ከሸፈ እንበል፣ በምን ምክንያት ሊሆን ይችላል?" ብላችሁ ጠይቁት። "ጥሩ ነው ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁት ይሉኝታ ይዞት ጥሩ ነው ይላችኋል። እንደ መጀመሪያው ስትጠይቁት ግን ውሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ ማሳየት ይጀምራል።

ብዙ ጊዜ የማየው ግን የተገላቢጦሹን ነው። ለ50 ብር ከአቅራቢ ጋር ግማሽ ሰዓት ይጨቃጨቃሉ፣ የሁለት ዓመት የኪራይ ውል ደግሞ ደላላው "ሌላ ፈላጊ አለ" ስላለ ብቻ ቆመው ይፈርማሉ።

ሦስተኛ፦ የመትረፍን ዋጋና የማለቅን ዋጋ ለየብቻ አስሉ

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት፣ ቶሎ የሚበላሽ ነገር የምትሸጡ ከሆነ ብዙ ገንዘብ ያለው እዚህ ነው።

በወተት እንውሰደው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፣ የራሳችሁን አስገቡ። አንድ ሊትር ወተት በ100 ብር ይገባል። ከአንዱ ሊትር ከሚወጣው ማኪያቶ የቡናውና የስኳሩ ወጪ ተቀንሶ 250 ብር ይገኛል። እንግዲህ አንድ ሊትር ቢጎድል 150 ብር ትርፍ አመለጣችሁ። አንድ ሊትር ተርፎ ቢደፋ 100 ብር ጠፋባችሁ። አሁን የማለቅን ዋጋ ለሁለቱ ድምር አካፍሉት፦ 150 ሲካፈል ለ250፣ 0.6 ይመጣል። ትርጉሙ ከ10 ቀን 6ቱን የሚበቃ መጠን እዘዙ ማለት ነው። በንግድ ትምህርት ቤት ይህ ስሌት የጋዜጣ ሻጭ ችግር ተብሎ ይታወቃል፣ የዛሬ ጋዜጣ ነገ ስለማይሸጥ።

ይህ ምን እንደሚል ልብ በሉ። ከ10 ቀን በ4ቱ ወተት ከመዝጊያ በፊት ቢያልቅ ያዘዘው ሰው አልተሳሳተም። ባለቤቱ ግን ባለቀ ቁጥር ይቆጣል። የተቆጡት ባሬስታ በማግስቱ አብዝቶ ያዝዛል፣ ይደፋል፣ ለተደፋው ደግሞ ማንም አይጮህም። ያለቀ ወተት ደንበኛ ፊት ስለሆነ ያሳፍራል፣ የተደፋ ወተት ግን ጓዳ ውስጥ ነው።

አሁን የተረፈውን እርጎ ማድረግ ጀመራችሁ እንበል፣ ከሊትሩም 60 ብር መለሳችሁ። የመትረፍ ዋጋ ከ100 ወደ 40 ወረደ። ስሌቱ 150 ለ190 ይሆናል፣ 0.8 ገደማ። እንግዲህ ከ10 ቀን 8ቱን የሚበቃ ነው የምታዙት። እርጎው ራሱ ብዙ ባያተርፍም የወተት ትእዛዛችሁን ለወጠው። ወተቱ ፍሪጅ አድሮ ለነገ የሚሆን ከሆነማ የሚጠፋው ከዚያም ያነሰ ነው። በሌላ በኩል ማኪያቶ የለም የተባለው ሰው ጎረቤት ሄዶ በዚያው ይቀራል ብላችሁ የምትሰጉ ከሆነ የማለቅን ዋጋ ከፍ አድርጉት። እሱ የእናንተ ግምት ነው፣ ግን ጻፉት።

ቁጥሩን እንዴት ታገኛላችሁ? ተመሳሳይ የሆኑ 10 ቀኖችን ፍላጎት ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ። ለምሳሌ 22፣ 24፣ 25፣ 26፣ 27፣ 28፣ 29፣ 31፣ 33፣ 36 ሊትር። ስድስተኛው 28 ነው፣ ያለ እርጎ የምታዙት እሱን ነው። እርጎ ካለ ስምንተኛውን፣ 31ን።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የተሸጠው የተፈለገውን አያሳይም። ወተቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ካለቀ ደብተሩ "28 ሊትር ተሸጠ" ይላል፣ ከዚያ በኋላ ጠይቆ የሄደውን ሰው ግን አያውቀውም። ስለዚህ ያለቀበት ሰዓት ይጻፍ። ባሬስታውም "የለም" ባለ ቁጥር ማሽኑ አጠገብ በተለጠፈች ወረቀት ላይ አንድ መስመር ያስምር። በጣም ትንሽ ሥራ ናት። ያለ እሷ ግን ትእዛዛችሁ ሁልጊዜ ከእውነቱ ያንሳል።

ለዳቦ፣ ለእንጀራ፣ ለሳምቡሳ፣ ለጁስ ቤት አቮካዶ ያው ስሌት ይሠራል። ለወረቀትና ለቶነር አይሠራም። እነሱ አይበላሹም፣ የሚያስሩት ገንዘብ ነው።

አራተኛ፦ ረቡዕን ከረቡዕ ጋር አወዳድሩ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ጾምና በዓል የሚወዳደር ሽያጭ የለም። ረቡዕና ዓርብ ለብቻ ይያዙ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ በዚያ ጊዜ የማኪያቶው ቁጥር ወርዶ ሻይና ጥቁር ቡናው፣ በያይነቱና ሽሮው ከፍ ይላል። ነሐሴ ደግሞ በፍልሰታ ይጀምራል፣ ዝናቡም አለ። በረመዳን የቀኑ ደንበኛ ቀንሶ ምሽቱ ሞቅ የሚልበት ሰፈር አለ። 4 ኪሎና 6 ኪሎ ያላችሁ የዩኒቨርሲቲውን ቀን መቁጠሪያ ጨምሩበት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ካላየ ምንም አላየም። የመጋቢትን ሽያጭ ከፋሲካ ማግስት ጋር አስተያይቶ "አዲሷ ልጅ ከመጣች ወዲህ ሽያጭ ጨመረ" የሚል ሰው ጾም መፈታቱን ረስቶ ነው።

አምስተኛ፦ ዋጋን በሚቀጥለው መግዣ መዝኑት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ በድሮ ዋጋ የገዛውን በድሮ ዋጋ የሸጠ ነጋዴ "አተረፍኩ" ብሎ ወደ አከፋፋይ ሲመለስ ያንኑ ዕቃ ለመግዛት ብሩ አልበቃውም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቶነር በ3,000 ብር ገብቷል፣ በ3,600 ተሸጠ፣ ትርፍ 600። ዛሬ የሚገባው ግን 4,000 ከሆነ መደርደሪያውን ለመሙላት ከኪሳችሁ 400 ትጨምራላችሁ። ስለዚህ የዋጋ ውሳኔን ስትገመግሙ ደረሰኙ ላይ ያለውን ትታችሁ ዛሬ ስንት እንደሚገባ ያዙ። ከውጭ ለሚመጡ ዕቃዎች በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ለአቅራቢ መደወል ልማድ ይሁን፣ ባትገዙም ደውሉ።

ስድስተኛ፦ ዱቤ

ከ1,000 ብር ሽያጭ 200 ብር የምታተርፉ ከሆነ አንድ ያልከፈለ ሰው ዕቃው የገባበትን 800 ብር ወሰደ። ያንን ለመመለስ አራት ከፋዮች ያስፈልጋሉ። ከአምስት ሰው አንዱ ካልከፈለ እንግዲህ ድካማችሁ ዜሮ ነው፣ ከዚያ ከበለጠ ኪሳራ። ይህም የቀሩት አራቱ በሰዓቱ ይከፍላሉ ብለን ነው። ሌላም ጥያቄ አለ፦ ይህ ሰው በዱቤ ባይሰጠው በጥሬ ገንዘብ ይገዛ ነበር? ይገዛ ከነበረ ዱቤው ምንም ሽያጭ አልጨመረላችሁም።

ግን ሁሉም ዱቤ ንግድ አይደለም። የዕድር ሰው ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ደመወዝ እስኪወጣ ልጆቹን የሚያበላበት ነው። እንዲህ ያለውን መስጠት ትክክል ነው፣ እኔም አልከለክልም። ደብተሩ ላይ ግን "ለጉርብትና" ብላችሁ ለብቻ ያዙት፣ በወርም ጣሪያ አብጁለት። ከንግዱ ዱቤ ጋር ሲደባለቅ ነው ሁለቱንም መገምገም የማይቻለው።

ሰባተኛ፦ ሠራተኛ የወሰነውን እንዴት ትመዝናላችሁ?

ባለቤቱ ወጣ ሲል ስልኩ መጮህ ይጀምራል። "እትዬ፣ ሰውየው ቀሪውን ነገ ላምጣ እያለ ነው፣ ልስጠው?" "ጋሼ፣ ለስላሳ ያመጣው ልጅ መልስ የለኝም ይላል፣ ምን ላድርግ?" ለአንድ ሳምንት እነዚህን ጥሪዎች መዝግቡ። ሦስት ጊዜ የመጣ ጥያቄ ካለ ደንብ ይፈልጋል፣ ጣሪያውም በብር ይነገር፦ "ለምናውቀው ደንበኛ እስከ 300 ብር ድረስ ራስሽ ወስኚ፣ ስሙንና ስልኩን ጻፊ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ደውዪልኝ።" ለቴሌብርም እንደዚሁ፦ "ደንበኛው ስልኩ ላይ የሚያሳይሽ ፎቶ ክፍያ አይደለም፣ በእኛ ስልክ መልእክቱ ሲገባ ነው ዕቃው የሚወጣው።" እንዲህ ያለ ደንብ ሠራተኛዋን ከጭቅጭቅም ያድናታል፣ "የቤቱ ሕግ ነው" ትላለች።

ቀጥሎ ያለው የምለምናችሁ ነገር ነው። ሠራተኛዋ ደንቡን ጠብቃ ሰጥታ ሰውየው ባይመለስ ከደመወዟ አትቁረጡ። እሷ የተባለችውን አድርጋለች፣ ካጠፋ ደንቡ ነው ያጠፋው። አንዴ የተቆረጠባት ልጅ ከዚያ በኋላ ወይ ለሁሉም ነገር ትደውላለች፣ ወይ የጎደለውን ትደብቃለች፣ የተደበቀ ነገር ደግሞ አይገመገምም። ደንቡን ጥሳ ሰጥታ ገንዘቡ ቢመለስም ዝም ብላችሁ አትለፉ፣ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሯት። ከባድ ነው፣ ገንዘብ ገብቶ ሳለ መናገር ይከብዳል። ግን ቅድም ያልነው ውሳኔና ውጤትን መለየት የሚፈተነው እዚህ ጋ ነው።

ስምንተኛ፦ የሳምንቱ ግምገማ

ሥራ ቀዝቀዝ የሚልበትን ሰዓት ምረጡ፣ ለብዙ ቤት እሑድ ከሰዓት ይሆናል። ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። ከሚወስኑት ሠራተኞች ቢያንስ አንዱ ይኑር። ደብተሩን ከፍታችሁ በእያንዳንዱ ላይ እነዚህን ጠይቁ፦

የጠበቅነውና የሆነው በስንት ተራራቁ? ያኔ የምናውቀው ምን ነበር? ያላወቅነው ነገር በአንድ ስልክ ይታወቅ ነበር ወይስ ማንም ሊያውቀው አይችልም? ነገ ያው ሁኔታ ቢመጣ እንዲሁ እናደርጋለን?

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቆይታ አድርጉ። ዝናብ ጥሎ ሰው አልመጣም፣ እሱ ዕድል ነው። ጎዳናው ለሥራ ተዘግቶ ሰው አልመጣም፣ ሥራው ግን ከሦስት ቀን በፊት ተነግሮ ነበር፣ እሱ ዕድል አይደለም።

ከጥያቄዎቹ በኋላ ጎኑ ላይ ከሦስት አንዱን ጻፉ፦ ይቀጥል፣ ይለወጥ፣ ገና ነው። "ገና ነው" የሚለውን ለመጻፍ አትፈሩ። በአንድ ቀን ውጤት ደንብ የሚለውጥ ሰው ሲዋዥቅ ይኖራል፣ ቢያንስ ተመሳሳይ ቀኖች ጥቂት ጊዜ ይደጋገሙ። ከዚህ የሚወጣው አንዴ ቢሳሳቱ ቤት የሚያዘጋ ነገር ብቻ ነው። ለአንድ ሰው የተሰጠ በጣም ትልቅ ዱቤ ለምሳሌ፣ ቢከፈልም በዚያው ሳምንት ጣሪያ ይበጅለት።

ጀነሬተርና አሮጌ ማሽን ላይ ባጭሩ፦ ለጀነሬተር የአንድ ሰዓት ነዳጅና የዚያን ሰዓት ትርፍ ብቻ አስተያዩ፣ የምሳ ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት መልሳቸው አንድ አይሆንም። ሦስቴ የተጠገነ ፍሪጅ ላይ ደግሞ "እስካሁን ይህን ያህል አውጥቼበት" የሚለው ምክንያት ተብሎ አይጻፍ። ያ ገንዘብ ሄዷል። የሚጠየቀው ከዛሬ ወዲህ የሚወጣው ነው።

ቦታ ከለወጣችሁ

በ2016 በፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ በካዛንቺስ በመልሶ ማልማቱ ምክንያት ብዙ ንግድ ቤት ተነስቶ ሌላ ሰፈር ገብቷል። እንዲህ ከሆነ የድሮው ደብተር ቁጥሮች አይሠሩም፣ ደንበኛው ሌላ ነው፣ ሰዓቱም ሌላ ነው። ምክንያቶቹ ግን ይሠራሉ፣ እነሱን አንብቧቸው። አዲሱ ቦታ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚበላሽ ነገር አሳንሳችሁ እዘዙ፣ "የለም" የተባለውን በመስመር ያዙ፣ 10 ተመሳሳይ ቀን ሲሞላ ቁጥሩን እንደገና ደርድሩ።